ቀበሮው ውሻውን አልነከሰውም

(ሐዋሳ ውስጥ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች ካደረግሁት ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያጣችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ።

ዛሬ ጠዋት አሞራ ገደል የነበረ ማን ነው? እሺ፣ ብዙ ናችሁ። እንግዲያው አባ ኮዳዎቹን አይታችኋል። ራሰ በራ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ፣ ጥቁር ካባ ደርበው ለቀብር የመጡ ሽማግሌ የሚመስሉ። አጥማጁ ቆሮሶውን ሲሰነጥቅ አጠገቡ ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላው ደንበኛም እዚያው ነው፤ የእጅ ርቀት ላይ።

የዱር እንስሳት በሽታ ነው የማጠናው ባልኩ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እነዚህ ወፎች በሽታ አያመጡብንም?» ጦጣዎቹስ? የሌሊት ወፎቹስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልንቀውም። ግን ሁልጊዜ ባንድ አቅጣጫ ነው የሚመጣው፤ ከዱር ወደ ቤት። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ መልሱ ጉዞ ነው። ከቤት ወደ ዱር። ከኛ ግቢ ወጥቶ ተራራ ስለሚወጣው በሽታ።

ከዚህ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ትደርሳላችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ማለት ነው። ከዲንሾ በላይ የዌብ ሸለቆ አለ፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የሳነቴ አምባ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እዚያ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ይህ አዳራሽ ሲሞላ ስንት ሰው ይይዛል? አስቡት እንግዲህ።

ቀይ ቀበሮ ብቻውን ነው የሚያድነው። ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ተጋድሞ ይጠብቃል፣ ይዘላል፣ ይይዛል። አድኖ ሲጨርስ ግን ቤተሰብ ነው። ማታ ተሰብስበው፣ ሜዳ ላይ፣ ጅራታቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቅልለው ይተኛሉ። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ ይነካከሳሉ፣ ይንጫጫሉ። ከዚያ ተያይዘው የግዛታቸውን ድንበር ይዞራሉ። ለማየት ደስ ይላል። በምራቅ ለሚተላለፍ ቫይረስ ደግሞ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። አንዱ ከታመመ የጠዋቱ ሰላምታ መንጋውን ይጨርሰዋል።

ቫይረሱ ተራራው ላይ ከየት መጣ? ከውሻ። ባሌ ውስጥ ከብትን በወቅቱ ወደ ደጋ የማውጣት የቆየ ልማድ አለ፤ ጎዳንቱ ይሉታል። ከከብቱ ጋር ውሻ ይወጣል፤ ከጅብ ይጠብቃል። ውሻው ግን በወጉ አይቀለብም። ያገኘውን ይበላል፤ ቀበሮው ያለበት ጥንብ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ይጣላሉ። አብዛኛው ውሻ አልተከተበም።

የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሌን መታ። በ2003 ተመልሶ መጣ። ዌብ ሸለቆ ውስጥ ተመራማሪዎች በስም ያህል ከሚያውቋቸው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በወራት ውስጥ አለቁ። በ2008 እና በ2014 ደግሞ ደገመ። በመሃል በመሃሉ ሌላ የውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር፣ ይገባል። በ2005፣ በ2010፣ በ2015። ልብ በሉ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው እየመጣ ነው።

አሁን አንድ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ደጋ ላይ ሬሳ ተገኘ ተባልንና ሄድን። እኛ ማስታወሻ ደብተርና ጂፒኤስ ይዘን ወዲያ ወዲህ እንላለን። አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸው ላይ ሆነው ያዩናል። ቀረብ ብዬ «አባባ፣ መቼ ነው የሞተው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ስለዚህኛው ነው የምትጠይቀኝ ስለ መጀመሪያው?» አሉኝ። የመጀመሪያውን አላወቅንም ነበር። ነገሩን አንድ በአንድ አወጉኝ። መጀመሪያ የጎረቤታቸው ውሻ ባህሪው ተለወጠ። ከዚያ ጠፋ። ከዚያ ሁለት ላሞች ያለወትሯቸው ማግሳትና ምራቅ ማዝረብረብ ጀመሩና ሞቱ። ከዚያ አንድ ቀበሮ ሰው ሳይፈራ መንደር ገባ። «ሰው የማይፈራ ቀበሮ ቀበሮ አይደለም» አሉኝ። ቀኑን በገበያ ቀን እየቆጠሩ ነው የነገሩኝ። እኛ በስንት ናሙና የምንደርስበትን የበሽታውን መንገድ ሰውዬው ፈረስ ላይ ተቀምጠው አስረዱኝ። ቀበሮው ውሻውን አልነከሰውም። ውሻው ነው ቀበሮውን የነከሰው።

ላቦራቶሪ ግን በገበያ ቀን አያምንም፤ አንጎል ይፈልጋል። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞተው እንስሳ አንጎል ነው፤ ያውም ሳይበሰብስ። ስለዚህ ጓንት አድርገን ጭንቅላቱን ቆርጠን፣ በፕላስቲክ ጠቅልለን፣ አይስ ቦክስ ውስጥ ከተን በሕዝብ ማመላለሻ ይዘን ወረድን። መኪና አልነበረንም። ረዳቱ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ናሙና ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አድርግልኝ» አልኩት። እሺ ብሎ ጣሪያ ላይ ጫነው። ጣሪያ ላይ ነፋስ አለ፤ ለሱ ቀዝቃዛ ማለት እሱ ነው። ፀሐዩን ማን ያስብ? ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስናወርደው በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ሽታው ተሳፋሪውን በተነው። ላቦራቶሪ ስደርስ የተቀበለኝ ባለሙያ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ከደነው። ምንም አላለኝም። ባይናገርም ገባኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ አንድ የተሻለ ዘዴ ተማርኩ። ጭንቅላት መቁረጥም አያስፈልግ። ጭንቅላትና አንገት በሚገናኙበት በኩል፣ የአከርካሪው ቀዳዳ ባለበት፣ ተራ የጁስ መጠጫ ስትሮ ወደ ዓይን አቅጣጫ ታስገባላችሁ። ስትሮው የአንጎሉን ቁራጭ ይዞ ይወጣል። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ የሚገኝበትን ክፍል ጭምር ይይዛል። ግሊሰሪን ያለበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ፤ አለቀ። ይሄንን የተከተበና የሠለጠነ ስካውት፣ የፓርክ ጠባቂ ማለት ነው፣ ሊያደርገው ይችላል። እቤታችሁ ግን እንዳትሞክሩት፤ አደራ።

ክትባቱስ? ለዱር እንስሳ ክትባት መስጠት ብዙ ያከራክር ነበር። «ተፈጥሮን እንተዋት» የሚል ወገን አለ። እኔ ለዚህ ሐሳብ ትዕግሥት የለኝም፤ በሽታውን ያመጣችው ተፈጥሮ አይደለችማ። ለማንኛውም በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ መንግሥት ፈቀደና 69 ቀበሮዎች ተይዘው በመርፌ ተከተቡ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ዋናው ነገር የት ተከተቡ የሚለው ነው። ዌብ ሸለቆ ከሌላው የቀበሮ ቦታ ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያ ነው። እዚያ በር ላይ ያሉት መንጋዎች ተከተቡ። በሩ ተዘጋ። ወረርሽኙ ወደ ሌላው ሸለቆ አልተሻገረም። በኋላ በሒሳብ ሲሰላ ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶውን ብቻ መከተብ ትልቁን እልቂት ሊያስቀር እንደሚችል ታየ። ለሰውም ለከብትም ሁሉንም እንከትብ እያልን ለለመድን ሰዎች ይሄ አስገራሚ ነበር። ዓላማው በሽታውን ማጥፋት ሳይሆን ቀበሮው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ቀበሮ ይዞ መርፌ መውጋት ግን ለቀበሮውም ለሰውም መከራ ነው። ስለዚህ የሚበላ ክትባት ተሞከረ። ምን ውስጥ ይደረግ? የተለያየ ነገር ቀረበላቸው። ቀበሮዎቹ የመረጡት የፍየል ሥጋ ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? ክትባቱ በትንሽ ከረጢት ተደርጎ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ሲያኝኩት ከረጢቱ ይፈነዳና ፈሳሹ አፋቸው ውስጥ ይረጫል፤ የሚሠራው እዚያው አፍ ውስጥ ሲነካ ነው። ሳያኝክ ዋጥ ካደረገው ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራው በይፋ ገባ። ሰዎቹ በፈረስ ሆነው በሌሊት ነው ሥጋውን የሚያድሉት፤ በቀን ከሆነ አሞራና ውሻ ይቀድማል። በዚያ ብርድ! ሳነቴን በሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ ታሪክ ለኛ አገር አዲስ አይደለም። ከብትን ወስዳችሁ ብታዩ ከዚህ የባሰ አለ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ገባ። አርብቶ አደሩ ደስታ ይለዋል። ስሙ ደስታ ነው፤ ሥራው ግን ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደጨረሰ ይገመታል። በሬ አለቀ፤ እርሻ ቆመ፤ ክፉ ቀን የምንለው መጣ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው የቆፈሩት ያኔ ነው። ይሄንን ሁላችሁም ትምህርት ቤት ሰምታችኋል። ትምህርት ቤት ያልነገሩን ግን ዱሩም ላይ ክፉ ቀን እንደነበር ነው። ጎሽ አለቀ፤ አጋዘን አለቀ። እዚህ ሰንቀሌ ያለው ቆርኬያችን፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው፣ ቀድሞ በሶማሌ ሜዳ በመቶዎች ይታይ የነበረ ነው። ከጠመንጃው ጋር ተባብሮ ያጠፋው ይኸው በሽታ ነው።

ለብዙ ዓመት ሰው የዱር እንስሳውን ይወቅስ ነበር። በሽታው ዱር ተደብቆ እየወጣ ከብታችንን ይገድላል እየተባለ። ታንዛንያ ሴሬንጌቲ አካባቢ ከብቱ ሲከተብ ግን ዱሩ ውስጥ ያለው በሽታ በራሱ ጠፋ። ማንም የቆርኬ ዘመድ የሆነውን ዊልደቢስት አልከተበም። 250 ሺህ ገደማ የነበሩት ዊልደቢስቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኑ። የበሽታው ጎተራ ከብቱ ነበር። የመጨረሻው የተረጋገጠ ደስታ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬንያ ሜሩ ፓርክ ውስጥ የተገኘ ጎሽ ላይ ነው፤ በ2011 በሽታው ከምድር ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ በአፋር በረሃ ክትባቱን የወጉት ራሳቸው አርብቶ አደሮቹ ናቸው፤ በአጭር ሥልጠና። ይሄኛውን ብዙ ጊዜ አንኮራበትም። ልንኮራበት ይገባ ነበር። የቀረው የቫይረሱ ናሙና ከተቆለፈባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች አንዱም ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ማዕከል ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ በቢሾፍቱ ነው የምታልፉት።

ሁሉም ነገር ከቤት ይወጣል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አባ ሰንጋ መሬት ውስጥ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 ማጎ ፓርክ ውስጥ ከ1,600 በላይ እንስሳት ገደለ። አብዛኞቹ አምባራይሌ ነበሩ። ይህ ተህዋሲ ሬሳው ሲከፈትና አየር ሲያገኝ ጠንካራ ሽፋን ይለብስና አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ በድንገት የሞተ፣ ደሙ ያልረጋ እንስሳ ካያችሁ ቢላዋ አታንሱ። ቆዳው አያጓጓችሁ።

ሬሳ ካልን አይቀር ጥንብ አንሳን ላንሳ፤ ቅድም አባ ኮዳን የጠየቃችሁኝ መልሱ እዚህ ነውና። የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲዱ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ሌላውን እንስሳ የሚገድል ብዙ ነገር እሱ ውስጥ ይሞታል። ሕንድ ውስጥ ጥንብ አንሳዎች በ1990ዎቹ በሚሊዮን ሲሞቱ ሁሉም ቫይረስ ነው ብሎ ነበር። ዓመታት ፈጀ። በ2004 የታወቀው ምክንያት ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። እናንተም ወገባችሁን ሲያማችሁ ትወስዱታላችሁ። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ይበሉታል፤ ኩላሊታቸው ይበላሻል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ሥጋውን ማን በላው? ውሻ። ውሻ በዛ። የሰው መነከስም በዛ። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ውሻ በዛ ብለን መርዝ እንበትናለን፤ የተመረዘውን ውሻ ጥንብ አንሳ ይበላል፤ ጥንብ አንሳው ይሞታል፤ ውሻው እንደገና ይበዛል። ዙሩ ታያችሁ? እዚሁ አገራችን ቄራዎች አካባቢ ለዓመታት የቆጠሩ ተመራማሪዎች ያዩትም ይሄንኑ ነው፤ ጥንብ አንሳው ሲቀንስ ውሻው ይጨምራል።

ተማሪዎች ስላላችሁ ስለ ሥራው አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ጥናት ሬሳና መርፌ አይደለም። ሰሜን ተራሮችና ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ኳስ የሚያክል እበጥ ይወጣባቸዋል። እበጡ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል ነው። ትሉ የሚያድገው ውሻና ቀበሮ አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ በኩሳቸው ሣር ላይ ይወድቃል፤ ጭላዳ ደግሞ ሣር በል ነው። እበጡ ያልወጣበት ግን የተያዘው የትኛው ነው? ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ፤ ጭላዳው እስኪሸና ይጠብቃሉ። ከቅጠል ላይ ሽንቱን ለቅመው ማጣሪያ ወረቀት ላይ ያደርቁታል። ላቦራቶሪው ከዚያች ወረቀት ያነበዋል። አንድም እንስሳ ሳይነካ። ሙሉ ቀን ዝንጀሮ እስኪሸና መጠበቅ የሚችል ትዕግሥት ያለው ተማሪ እዚህ ካለ እኔን ያነጋግረኝ።

የመጨረሻው፣ ስለ ሐይቁ ዳር ጦጣና ጉሬዛ። አይቮሪ ኮስት ታይ በሚባል ደን ውስጥ ቺምፓንዚዎች በሳንባ በሽታ እየሞቱ ሲመረመር የሰው ጉንፋን ቫይረሶች ተገኙ። ያመጣው ሌላ ሰው አይደለም። ሊያጠኗቸውና ሊጠብቋቸው የተጠጉት ሰዎች ናቸው። በኛው ሙያ ያሉ ሰዎች ማለት ነው፤ እኔ ይሄንን ሳነብ ደንግጫለሁ። ከዚያ በኋላ ጭምብል ማድረግና መራቅ ግዴታ ሆነ። እና እሁድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ፣ የሚያስነጥሰው ልጅ የገመጠውን ሙዝ ለጦጣ አይስጥ። እንዲያውም ማንም አይስጥ።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁሉን መጻፍ አይቻልም። አንድ አጥማጅ «አባ ኮዳው በሽታ የለውም ማለት ነው እንግዲህ?» አለኝ። አላልኩም። ኩሱ ንጹሕ አይደለም፤ ዓሣውን የምትሰነጥቁበትን ጣውላ ከሱ አርቁ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ለሱም ግን ፌስታል አትጣሉለት፤ ከአንጀቱ ጋር አብሮ ይውጠዋል።

አንዲት እናት ሰፈራቸው ውስጥ ልጅ በውሻ ተነክሶ እንደነበርና ውሻውን ወዲያው ገድለው እንደቀበሩት ነገሩን። ልጁ ደህና ነው፤ መርፌውን ጨርሷል። እኔም ያልኳቸው ይሄን ነው። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። ጸበሉንም ሂዱ፤ መርፌውን ግን አታዘግዩት። ውሻው መታሰር ከቻለ አይገደል፤ ለ10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው።

«ውሻው ባለቤት ከሌለውስ?» አሉኝ።

ይሄኔ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጠ ልጅ እጁን አነሳ። ዕድሜው ዘጠኝ ወይ አሥር ቢሆን ነው። «ለቀበሮዎቹ የምትሰጡትን የፍየል ሥጋ ለሱም ስጡታ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን የሚሳቅ ነገር አላየሁበትም። በሌሎች አገሮች ባለቤት ለሌለው ውሻ የሚበላ ክትባት ይሰጣል፤ ልጁ ትክክል ነው። ስሙንና የትምህርት ቤቱን ስም ጻፍኩ። ዝናቡ ሲያባራ ተበተንን።